የቤት የካርቦን አሻራ የሚለካው በመሣሪያ ሳይሆን በደረሰኝ ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ቦታ የተሰጠን 16 አባላት ያሉን የቤት ሥራ ማኅበር ነን። እያንዳንዱ ቤት ጂ+1 ነው፤ ሁለቱ ወለል ተደምሮ 160 ካሬ ይሆናል። ውጭ አገር ያለ አንድ አባላችን ‹ቁፋሮ ከመጀመራችን በፊት የቤቶቹን የካርቦን አሻራ እናስለካ፤ ሶላርም እናስገባ› አለ። ግማሹ አባል ሳቀበት። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ‹አጣርተህ ንገረን› ተባልኩ። በምን መሣሪያ ነው የሚለካው? ማን ይለካልናል? ሶላር ይቀንሰዋል? በሥራ ዝርዝራችን መሠረት ለአንድ ቤት 450 ኩንታል ሲሚንቶ ይገባል፤ 240ው ኦፒሲ፣ 210ሩ ፒፒሲ ነው። ፌሮው 65 ኩንታል ነው። ብሎኬቱን እዚያው ሳይት ላይ እናስመርታለን።»

ጸሐፊያችን፣ የሳቁት አባላት አይፈረድባቸውም። «የካርቦን አሻራ ይለካ» ሲባል ብዙ ሰው ባለሙያው ሄልሜት አድርጎ፣ ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ ሲዞር ነው የሚታየው። «አረንጓዴ አሻራ»ን የለመደ ጆሮ ደግሞ ስለ ችግኝ የሚወራ ይመስለዋል። መሣሪያ የሚባል ነገር የለም። ሥራው ማባዛትና መደመር ነው፤ ከባዱ ነገር ምኑን ከምኑ ማባዛት እንዳለበት ማወቁ ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ቤቱ የሚበላውን ዕቃ ሁሉ በኪሎ ታወጣላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ተመርቶ ከፋብሪካው በር እስኪወጣ በኪሎ ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደለቀቀ የሚናገር ቁጥር አለ። እኔ «ማባዣ» እለዋለሁ። ኪሎውን በማባዣው ማባዛት ነው። እንደ ሜቴን ያሉ ሌሎች ጋዞችም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው ይደመራሉ፤ ዶላርና ድርሃም ወደ ብር እንደሚመነዘረው ማለት ነው።

ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል የሚለውን የሚወስን መስፈርትም አለ። አውሮፓውያኑ ኢኤን 15978 የሚሉት ነው። የቤቱን ዕድሜ በክፍል በክፍል ይቆርጠዋል፦ ዕቃው ሲመረት፣ ሲጓጓዝ፣ ሲገነባ፣ ሰው ሲኖርበት፣ በመጨረሻ ሲፈርስ። እኛ ሰፈር አብዛኛው ጉድ ያለው የመጀመሪያዎቹ ላይ ነው። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ የማኅበራችሁ ውሳኔ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነውና።

ውጭ ያለው አባላችሁ በሚኖርበት አገር ያለ ቤት ክረምቱን በሙሉ በጋዝ ወይም በነዳጅ ይሞቃል። እዚያ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ የሚለቀው ይበዛል። ስለዚህ «ግድግዳውን ሸፍኑ፣ መስኮቱን ድርብ አድርጉ፣ ሶላር ስቀሉ» ይባላል። ለእነሱ ትክክል ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ማሞቂያ የለን፣ ኤሲ የለን። ሐምሌ ላይ ጋቢ እንደርባለን፤ አለቀ። መብራታችን ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ይህን አጠናከረው እንጂ አልቀየረውም።

እንግዲህ የእናንተ ቤት ካርቦን ያለው ቆጣሪው ላይ አይደለም። ሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ አብዛኛው ተለቅቆ ስላለቀ ያኔ ብትለኩት ለወሬ ካልሆነ አይጠቅምም። ስለዚህ «ቁፋሮ ከመጀመራችን በፊት» ያለው አባላችሁ ቢያንስ በጊዜው ልክ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በሰጡኝ ቁጥር ልሥራው።

ከሲሚንቶ እንጀምር። ሲሚንቶ ለምን ይከብዳል? ብዙ ሰው ፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ስለሚያነድ ብቻ ይመስለዋል። እሱ ግማሹም አይሞላም። የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሲጋል ድንጋዩ ራሱ ይሰነጠቃልና በውስጡ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ክሊንከር የሚባለው ጥቁር ፍሬ ይቀራል። አንድ ቶን ክሊንከር ሲሠራ ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ጋዝ ይወጣል። የነዳጁ በዚያ ላይ ይደመራል። ፋብሪካው ነገ በሕዳሴ መብራት ምድጃውን ቢያሞቅ እንኳ የድንጋዩ ድርሻ አይቀርም። በዓለም ደረጃ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሚንቶ ብቻውን ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል የሚባለው ለዚህ ነው።

ኦፒሲ አብዛኛው ክሊንከር ነው። ማባዣው 0.9 አካባቢ ነው። ፒፒሲ ላይ ደግሞ ከክሊንከሩ ሩብ፣ ሲሶ የሚሆነው በፑሚስ ይተካል። ፑሚስ እሳተ ገሞራ ቀድሞ የጋገረልን ድንጋይ ነው፤ እንደገና ማቃጠል አያስፈልግም፣ መፍጨት ብቻ። ስምጥ ሸለቆ ሞልቶታል። የፒፒሲን ማባዣ 0.65 እንያዘው።

240 ኩንታል ኦፒሲ 24 ቶን ነው። በ0.9 ሲባዛ 21.6 ቶን ካርቦን። 210 ኩንታል ፒፒሲ 21 ቶን ነው። በ0.65 ሲባዛ 13.7 ቶን ገደማ። ሲሚንቶ ብቻውን ከ35 ቶን በላይ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ማጣሪያ አለች። ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ የሥራ ዝርዝሮቻችን ላይ የተለመደው በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው። አርማታው የሚሠራበትን 24 ቶን ኦፒሲ ለ360 ስናካፍል 67 ሜትር ኩብ ያህል አርማታ ይመጣል። ለ160 ካሬ ጂ+1 ቤት ይህ የሚያሳምን ቁጥር ነው። 120 ሜትር ኩብ ቢመጣ ኖሮ ወይ ዝርዝሩ ተሳስቷል ወይ ስትራክቸራል ኢንጂነራችሁ ፈሪ ነው እል ነበር።

ፌሮ ቀጥሎ ነው። 65 ኩንታል ማለት 6.5 ቶን። በዓለም አማካይ በኪሎ 2 ኪሎ አካባቢ ይለቃል። ከማዕድን በከሰል ምድጃ ከወጣ ከዚያ ይበልጣል፤ ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ከቀለጠ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። እዚሁ አገር ተዳምጦ የወጣ ፌሮ ቢሆንም ጥሬው፣ ቢሌት የሚሉት፣ ከውጭ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁት። መልስ ካጣችሁ 2ን ያዙ። 13 ቶን ይመጣል።

ሲሚንቶና ፌሮ ተደምረው 48 ቶን ደረሱ። የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ፍርፋሪ ነው። ጣራ ቆርቆሮው 1 ቶን ግድም። ሴራሚኩ 200 ካሬ ቢሆን ወደ 3 ቶን ይጠጋል። የአሉሚኒየም መስኮት ግን ትንሽ መስሎ ይዋሻል፤ ክብደቱ 150 ኪሎ ብቻ ሆኖ ወደ 2 ቶን ሊለቅ ይችላል። አሉሚኒየም መብራት በላተኛ ነው፤ በድንጋይ ከሰል መብራት ከተመረተ ማባዣው ከ15 ሊበልጥ ይችላል። መስታወትና ቀለም ሲጨመር ማጠናቀቂያው በጠቅላላ 7 ቶን ያህል ይሆናል።

ማጓጓዣው ላይ ሰፈራችሁ የራሱ ባሕርይ አለው። አሸዋው ከስምጥ ሸለቆ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣል እንበል። ሲኖትራኩ ባዶውንም ስለሚመለስ ደርሶ መልሱ 240 ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ቢጠጣ 108 ሊትር ናፍጣ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.68 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ቢያጆ አሸዋ 290 ኪሎ ግድም ነው። ለቤቱ 5 ቢያጆ ቢበቃው አንድ ቶን ተኩል አይሞላም። ብዙ ሰው ጭስ ስለሚያይ መኪናው ላይ ይጮሃል። ሲሚንቶው ግን ሳይታይ 35 ቶን ለቆ ቁጭ ብሏል።

የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። እዚያ አካባቢ ጥቁሩ ኮቲቻ፣ ኢንጂነሮች ብላክ ኮተን የምንለው፣ ብዙ ቦታ ላይ አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ተቆርጦ መውጣት፣ በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ መተካት አለበት። 80 ካሬ ላይ ሜትር ተኩል ብትቆርጡ 120 ሜትር ኩብ ነው። ሲፈታ ያብጥና ወደ 10 ቢያጆ ወጪ፣ 10 ቢያጆ ገቢ ይሆናል። የኤክስካቫተሩን ናፍጣ ጨምሬ 1.4 ቶን አገኘሁ። ይህ እንኳ አያስፈራም። የሚያስፈራው አፈሩ መጥፎ ሲሆን መሠረቱ መጥለቁና መወፈሩ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ኩብ ሲ-25 ከነፌሮው ግማሽ ቶን ይለቃል።

ማጓጓዣ፣ ቁፋሮ፣ ጠጠርና አሸዋ በአንድ ላይ 4 ቶን ያህል እንያዝ። ጠቅላላው 59፣ በደፈናው 60 ቶን። በካሬ 370 ኪሎ ገደማ ነው። በ16 ቤት ሲባዛ ወደ 960 ቶን ይጠጋል። ከአምስት እጅ አራቱ ሲሚንቶና ፌሮ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከራሴ ስህተት። ይህን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሰው ቤት ላሰላ የመጋዘን መዝገብ ተሰጠኝ። «400» ይላል። ኩንታል ነው ብዬ አባዛሁት። ውጤቱ አስደነገጠኝ፤ ባለቤቱንም አስደነገጥኩት። ለካ ስቶር ኪፐሩ የቆጠረው ባለ 50 ኪሎውን ከረጢት ነበር። በእጥፍ አብዝቼ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «እንዴት ነው፣ ዛሬስ በኩንታል ነው በከረጢት?» ይለኛል። እናም ከመዝገብ ስትገለብጡ ደግማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ ብሎኬት ነው። እናንተ ሳይት ላይ ስለምታስመርቱ ሲሚንቶው 450ው ውስጥ አለ። ከውጭ የሚገዛ ግን ደረሰኙ ላይ «ብሎኬት 3,750» ይላል እንጂ ሲሚንቶው አይታይም። ብዙ ሒሳብ ላይ ይህ ተረስቶ አይቻለሁ።

አሁን መኖሪያውን ዘመን እንይ። ሒሳቡን ለ50 ዓመት ላድርገው። አንድ ቤት በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ ምጣዱን ጨምሮ፣ በዓመት 3,600 ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት የውኃ ኃይል፣ ግድቡ የተሠራበት ሁሉ ታስቦ፣ በኪሎዋት ሰዓት 24 ግራም ነው መካከለኛው። በዓመት 86 ኪሎ ይሆናል። በ50 ዓመት 4.3 ቶን። የፌሮውን ሲሶ ነው!

ሶላሩስ? እዚያው ሪፖርት ላይ የጣራ ሶላር 41 ግራም ተብሏል። ፓነሉ ሲመረት የሚበላው መብራት አለና። ከዚያ ወዲህ የፓነል አመራረት ስለተሻሻለ ቁጥሩ ወርዷል። ቢሆንም የውኃ መብራትን በሶላር መተካት አሻራውን ይህ ነው በሚባል አይቀንሰውም። አባላችሁን ላለማስቀየም ልጨምር፦ ሶላሩ ጄኔሬተር የሚተካ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ትንሽ ጄኔሬተር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ይለቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሶላር ከነባትሪው ምቾት ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ምቾት ብላችሁ ግዙት። ደግሞ አገሪቱ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ መብራት ስለምትሸጥ እናንተ ያልተጠቀማችሁበት እዚያ ነዳጅ ይተካል የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ውኃ ያነሳል፤ ለአንድ ቤት ሒሳብ ግን አልሄድበትም።

ይልቅ ማንም ያልጠየቀኝን ልንገራችሁ። ከሰል። መብራት ሲጠፋ፣ ቡና ሲፈላ፣ ወጥ ሲንተከተክ በወር 20 ኪሎ ከሰል የሚያነድ ቤት በዓመት 240 ኪሎ ያነዳል። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 3.3 ኪሎ ይለቃል። በዓመት 800 ኪሎ ግድም፤ በ50 ዓመት 40 ቶን። ቤቱን ለመሥራት ከወጣው ሁለት ሦስተኛ! ያውም ለአንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ጫካ ውስጥ መጨሱን ሳንቆጥር። በደንቡ መሠረት ይህ ለብቻው ነው የሚመዘገበው፤ ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ የለቀቀውን መልሶ ይወስዳልና። ተመልሶ ካልበቀለ ግን ዕዳ ነው። የአገራችን ከሰል ምን ያህሉ ከሚተካ ባሕር ዛፍ፣ ምን ያህሉ ከማይተካ ግራር እንደሚወጣ ያየ ሰው ያውቀዋል። ማኅበሩ ለሶላር ያሰበውን ገንዘብ ለየቤቱ ጥሩ የኤሌክትሪክ ምድጃና ለኩሽና ሁነኛ የመብራት መስመር ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ያልተጠየቀ ነገር መንገዱ ነው። ከእናንተ እስከ ሜክሲኮ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 50 ነው። የቤንዚን መኪና በመቶ 10 ሊትር ቢጠጣ በቀን 5 ሊትር፣ በ250 የሥራ ቀን ወደ 2.9 ቶን። በ21 ዓመት ሙሉ ቤቱን ያህላል። ይህ በተለምዶ በቤቱ አሻራ አይደመርም፤ ከከተማ ዳር ለሚሠራ ቤት ግን ሳይነገር መታለፉ ደስ አይለኝም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ ይህኛው ቁጥር ራሱን ይቀንስ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ፤ ሌላው ጌጥ ነው።

አንደኛው ልስን። አትሳቁ። 300 ካሬ ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም ሲለሰን 600 ካሬ ነው። ግንበኛው ጠማማ ካቆመው ለሳኙ በልስን ያቃናዋል። ሁለት ሳንቲ ተኩል መሆን የነበረበት አራት ይሆናል። አንዲት ሳንቲ ብቻ ብትጨምር 6 ሜትር ኩብ ሞርታር ነው፤ 24 ኩንታል ሲሚንቶ፣ አንድ ቶን ተኩል ካርቦን። ያውም በአንድ ቤት። ጥሩ ግንበኛ ቀጥሩ፤ ክርና ቱንቢ ሳይዝ የሚገነባ ካያችሁ አስቁሙት። ሳይት ላይ ይህን ያህል ርካሽ የካርቦን ቅነሳ አላየሁም። ብራችሁም ይተርፋል።

ሁለተኛው ሲሚንቶው ራሱ ነው። ከ240ው ኩንታል ለመሠረቱና ለግሬድ ቢሙ (መሬት ላይ ለሚያርፈው የአርማታ ማሰሪያ) የሚውለው 100 ያህሉ በፒፒሲ ቢተካ 2.5 ቶን ይቀንሳል። ግን በስሜት አይሠራም። ፒፒሲ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው፤ ፎርምወርኩ ቶሎ አይነቀልም፣ ውኃ ማጠጣቱም ይረዝማል። መጠኑም ሊጨመርለት ይችላል፤ ከተጨመረ ቅነሳው ይሳሳል። ስለዚህ ስትራክቸራል ኢንጂነሩ በጽሑፍ ካልፈቀደና ከአርማታው የተወሰደ የኪዩብ ናሙና ለጥንካሬ ፍተሻ ተሰብሮ ካልታየ አትሞክሩት። «ለማንኛውም» እያሉ ሁለት ባሬላ ሲሚንቶ የሚጨምሩ ፎርማኖችንም ተቆጣጠሩ። ጥንካሬውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ማነስ ሳይሆን የውኃ መብዛት ነው።

ሦስተኛው የስትራክቸሩ ዲዛይን ነው። ኮለኖቹን ያራራቀ፣ ጂ+1ን እንደ ጂ+4 የሚያስብ ንድፍ ፌሮና አርማታ ይበላል። «ወደፊት ፎቅ እንጨምርበት ይሆናል» የሚል አባል ሁሌም አለ። የማትጨምሩት ከሆነ ለማይመጣ ፎቅ 10 ቶን አታፍስሱ። ሶሌታውን በብሎኬት ሪብ፣ ማለትም በአርማታው መሃል ብሎኬት እየደረደሩ፣ መሥራት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ፌሮ ሲቆረጥ የ12 ሜትሩን ቤርጋ አስቀድሞ በወረቀት ማከፋፈል ብክነቱን ያወርደዋል፤ የተረፈውን ቁራሌው ይወስደዋል፣ ቀልጦ ይመለሳል፣ እሱ አያስጨንቅም።

ማን ይለካልናል ላሉት፦ የሥራ ዝርዝር ማንበብ የሚችል ማንኛውም ኳንቲቲ ሰርቬየር ወይም ሲቪል ኢንጂነር በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ማባዣዎቹን በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረው አይስ ከሚባለው የመረጃ ቋት በነፃ ያገኛል። የፋብሪካው የራሱ የተረጋገጠ የምርት መግለጫ ከተገኘ ግን ያ ይቀድማል። የምስክር ወረቀት ከፈለጋችሁ ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው አይኤፍሲ ኤጅ የሚባል ፕሮግራም አለው። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሞከራል፤ ክፍያው ለምስክር ወረቀቱ ነው። በኃይል፣ በውኃና በግንባታ ዕቃ ቢያንስ 20 በመቶ ቅናሽ ይጠይቃል። ባንክ ወይም ለጋሽ ካልጠየቃችሁ ግን ለወረቀቱ አትክፈሉ፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃችኋል።

የአፈር ምርመራው ውጤት ገና አልደረሰም መሰለኝ፤ አልጠቀሱልኝም። ሲደርስ የመሠረቱን ጥልቀት አይታችሁ የ67ቱን ሜትር ኩብ ሒሳብ እንደገና ሥሩት። እኔ የሰጠኋችሁ 60 ቶን ከፍ ካለም ዝቅ ካለም ከዚያ ቁጥር ነው የሚነሳው።